ሁሉንም አንድ ድስት ውስጥ አትጨምሯቸው፦ የዱር ወፍ ሥጋ ለምን እንደሚለያይ እኔ ያየሁት

ባለፈው ሰሞን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። በዛ ሰዓት ስልክ ሲጮህ ሰው የሚያስበው ክፉ ወሬ ነው፣ ልቤ ቀጥ አለ። ሳየው አልበርታ፣ ካናዳ ያለው የአክስቴ ልጅ ነው፣ እዛ ገና ከቀኑ አስራ አንድ ሰዓት ስለሆነ የጎንደርን ሰዓት ጭራሽ ረስቶታል። "እታለም ይቅርታ ቀሰቀስኩሽ፣ እንግዳ ጠርቼ ወጡ ተበላሸብኝ፣ አንድ ሰዓት ነው የቀረኝ" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አብሮት የሚሠራ ፈረንጅ አደን ሄዶ አምስት ወፍ ገድሎ ላባቸውን ነጭቶ ሰጠው፣ "እንደ ዶሮ ናቸው" አለው። እሱም እውነት መስሎት ቁሌቱን አብስሎ፣ በርበሬውን ጨምሮ፣ ሁሉንም ብልት ብልታቸውን አውጥቶ አንድ ትልቅ ድስት ውስጥ ከተታቸው። ሁለት ሰዓት ሙሉ ሲበስል ቆይቶ ሲቀምሰው አንዳንዱ ገለባ ሆኗል፣ አንዳንዱ ገና ላስቲክ ነው ጣዕሙም ጉበት ጉበት ይላል፣ መረቁ ደግሞ በሙሉ የሆነ የዛፍ ሙጫ ሽታ ይዟል። "በርበሬው ነው ወይስ ቅቤው ነው የተበላሸው?" ይለኛል። ሁለቱም አይደሉም። ሰውየው ለሱ የሰጠው አምስት ዶሮ ሳይሆን ሦስት ዓይነት ሥጋ ነው፣ እሱ ደግሞ ሦስቱን እንደ አንድ አበሰላቸው።

ይሄን ስነግረው ጊዜ ነው እዛ ላሉ ልጆቻችን ልጻፈው ያልኩት፣ ምክንያቱም እኔም ያንኑ ስህተት ሠርቻለሁ፣ ያውም ብዙ ጊዜ። አልበርታ አስራ አንድ ዓመት ኖሬ ነው ወደ ጎንደር የተመለስኩት። ባለቤቴ ላይሰንስ አውጥቶ በየዓመቱ መስከረምና ጥቅምት ላይ ከሥራ ጓደኞቹ ጋር አደን ይወጣ ነበር። እኔ ጠመንጃ ነክቼ አላውቅም፣ ስለ ጥይትና ስለ ውሻ እንዳትጠይቁኝ። ግን ያመጣውን ሁሉ የነጨሁት፣ ሆዱን የከፈትኩት፣ ያጠብኩትና ያበሰልኩት እኔ ነኝ፣ ስለዚህ ሥጋውን ከማንም በላይ አውቀዋለሁ ብል ውሸት አይሆንም።

መጀመሪያ ግን ስለኛ አገር ልበል፣ ነገሩ የገባኝ ልጅ ሆኜ የበላሁትን ሳስታውስ ነው።

አያቴ ወገራ ነበሩ፣ አምባ ጊዮርጊስ አካባቢ። ገደል ገደሉን ቁጥቋጦ ባለበት ትልልቁ ቆቅ አለ፣ አናቱ ቡናማ ግንባሩ ጥቁር፣ አውራው ከኪሎ በላይ የሚመዝን። እሳቸው በወጥመድ ይዘው ሲያመጡ አያቴ (ሴቷ ማለቴ ነው) ከዶሮ ለይታ ነበር የምትሠራው። ደረቱን ለብቻ፣ እግሩን ለብቻ። እግሩ ቀድሞ ይገባና ደረቱ በኋላ ይጨመራል። "ቆቅ ሁለት ሥጋ ናት" ትል ነበር፣ እኛ ልጆች ግን ምን ማለቷ እንደሆነ አልገባንም። "ቆቅ ወዲያ ምዝግዝግ ወዲህ" የሚባለውን ሁላችንም እናውቃለን አይደል፣ ቆቅ እንዴት እንደምታመልጥ ካያችሁ ግን ሥጋዋም ይገባችኋል። ቆቅ ቀኑን ሙሉ በእግሯ ነው የምትሮጠው፣ ልትረግጧት ስትደርሱ ብቻ ነው ብርርር ብላ ተነስታ ትንሽ በርራ የምታርፈው። ስለዚህ እግሯ ጠቆር ያለ ጠንካራ ሥጋ ነው፣ ደረቷ ነጣ ያለ ለስላሳ ነው።

ዋኖስ ደግሞ ተቃራኒው ነው። እረኛ ሆኖ ዋኖስ ጠብሶ የበላ ሰው ካለ ያውቀዋል፣ ደረቷ ጥቁር ቀይ ነው፣ ጥሬውን ብታዩት የበግ ሥጋ ይመስላል እንጂ የወፍ አይመስልም። ዋኖስ ከማደሪያዋ ወደ እህሉ ከእህሉ ወደ ውሃው ስትበር የምትውል ወፍ ናት። ክንፍ የሚያንቀሳቅሰው ጡንቻ ያለው ደረት ላይ ነው፣ ሳያርፍ የሚሠራ ጡንቻ ደግሞ ኦክስጅን የሚያስቀምጥለት ማዮግሎቢን የሚባል ፕሮቲን ይፈልጋል፣ ያ ነው ሥጋውን የሚያቀላው። በድንገት ተነስቶ ወዲያው የሚያርፍ ወፍ ደረቱ ላይ ብዙ ማዮግሎቢን አያስፈልገውም፣ ስለዚህ ይነጣል። በቃ ይሄው ነው ሚስጥሩ፣ ጠቅላላ የዱር ወፍ ሥጋ ልዩነት ግማሹ ከዚህ ነው የሚመጣው። ግማሹ ደግሞ ከበላው ነገርና ከዕድሜው፣ እሱን እመለስበታለሁ።

አሁን ወደ ካናዳዎቹ። ፈረንጆቹ ግራውስ የሚሉት የዶሮና የቆቅ ዘመድ ነው፣ እግሩ ግን እንደኛ ቆቅ ባዶ አይደለም፣ ላባ ለብሷል፣ ለብርዱ። ግራውስ ሲባል አንድ ወፍ እንዳይመስላችሁ። አልበርታ ውስጥ ብዙ ጊዜ እጃችሁ የሚገቡት ሦስት ናቸው፣ ረፍድ ግራውስ፣ ስፕሩስ ግራውስ እና ሻርፕቴል። ስማቸውን ባትይዙት ግድ የለም፣ ሲሰጧችሁ ግን "የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ሰጪው አዳኝ ከሆነ ያውቀዋል።

ረፍድ ግራውስ የጫካ ወፍ ነው፣ ቅጠሉ የሚረግፍ ዛፍ ባለበት፣ በተለይ ፖፕላር የሚባለው ነጭ ግንድ ያለው ዛፍ በበዛበት ይኖራል። እንደ ቆቃችን ድንገት ተነስቶ ትንሽ በርሮ ዛፍ መሃል ይገባል። ደረቱን ስትከፍቱት ነጭ ሆኖ ትንሽ ሮዝ ይላል፣ ከዶሮ ሥጋ የሚለየው ይበልጥ ደቃቅና ጥርት ያለ በመሆኑ ነው፣ ሽታም የለውም። ወፉ ግማሽ ኪሎ ቢሆን ነው፣ ከዛ ትንሽ ቢበልጥ። እኔ እንደ ቆቅ አየሁትና ደስ አለኝ፣ ቤቴ የተመለስኩ ነው የመሰለኝ።

ግን አንድ ችግር አለው፣ ስብ የለውም። ምንም ማለት ይቻላል። የፈረንጅ ዶሮ ቆዳው ስር ቢጫ ስብ አለው አይደል፣ ብታበዙበትም ይችላል። ረፍድ ግን ወጥ ውስጥ አንድ ሰዓት ከቆየ ክር ክር ይላል፣ ስታኝኩት ገለባ ነው። የአክስቴ ልጅ ገለባ ሆነ ያለው እሱ ነው። ለሁለት ዓመት ያህል እኔም ዶሮ ወጥ አደርገው ነበር፣ ሁሌም ደረቱ ይደርቃል ሁሌም ቅቤ የጎደለው እየመሰለኝ ቅቤ እጨምራለሁ፣ የቅቤ ጉዳይ አልነበረም። አሁን የማደርገው ደረቱን ከአጥንቱ ሁለት ቦታ ገንጥዬ በጋለ ብረት ምጣድ ላይ በቅቤ፣ በነጭ ሽንኩርትና በጥብስ ቅጠል አንድ አራት አራት ደቂቃ በየጎኑ ነው። ከዛ አውጥቼ አስቀምጠዋለሁ። ውስጡ 74 ዲግሪ ሴልሺየስ ከደረሰ በስሏል፣ የካናዳ ጤና ሚኒስቴር ለተቆረጠ የወፍ ሥጋ የሚለው እሱን ነው። የሥጋ ቴርሞሜትር ርካሽ ነው ግዙ፣ በዓይን አትገምቱት። እግሩንና አጥንቱን ደግሞ አልጫ አደርገዋለሁ፣ በእርድ በዝንጅብል ቀስ ብሎ ሲበስል መረቁ ለታመመ ሰው የሚሰጥ ነው።

ስፕሩስ ግራውስ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ሰውን ሁሉ የሚያሳስተው እሱ ነው። መጠኑ ከረፍድ ጋር ተቀራራቢ ነው፣ ተነጭቶ ሲመጣ ያላወቀ ሰው አይለየውም። አዳኞቹ ሞኝ ዶሮ ይሉታል፣ ሰው ሲቀርበው አይሸሽም ዛፍ ላይ ቁጭ ብሎ ያያችኋል፣ እንደ ቆቅ ነቃ ማለት የሚባል ነገር አልፈጠረበትም። የሚኖረው ቅጠሉ መርፌ መርፌ በሆነ፣ ክረምት ከበጋ በማይረግፍ ጫካ ውስጥ ነው።

አንድ ዓመት ባለቤቴ መስከረም መጀመሪያ ላይ ሦስት ስፕሩስ አመጣ። ሥጋው ከረፍድ ጠቆር ይላል ግን ጣፋጭ ነበር፣ ምንም አልነበረውም። በዛው ዓመት በረዶ ከወረደ በኋላ ሁለት ጨመረ። እኔም ያው ነው ብዬ ጀመርኩ። ወፍ ጉሮሮዋ ስር የበላችውን የምታጠራቅምበት ከረጢት አላት፣ ዶሮ ስታርዱ እህል ሞልቶት የምታገኙት። ያን በቢላዋ ጫፍ ስከፍተው ውስጡ አረንጓዴ የዛፍ መርፌ ብቻ ነው፣ እንደ ጎመን ተከትፎ አጠር አጠር ያለ፣ እርጥብ፣ ጭምቅ ብሎ የታጨቀ። ጠረኑ ኩሽናውን ሞላው። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ግቢ ዝናብ ካባራ በኋላ ጥዱ ስር ስትቆሙ የሚሸታችሁ ሽታ አለ አይደል፣ እሱ ነው። ለአፍንጫ ደስ ይላል፣ እዛ ቁሜ ጎንደር ናፈቀችኝ፣ እውነቴን ነው። ወጥ ውስጥ ግን ሌላ ነገር ነው።

ወፉ መስከረም ላይ የዱር ፍሬና ነፍሳት ይበላል፣ ብሉቤሪ ምናምን። በረዶ ሲሸፍነው ግን የቀረለት ምግብ የጥድና ስፕሩስ የሚባለው ዛፍ መርፌ ነው፣ ክረምቱን ሙሉ እሱን ነው የሚበላው። ያ ሽታ ሥጋው ውስጥ ይገባል። እኔ ያው እንደ ዶሮ ሎሚና ጨው አድርጌ አምስት ስድስቴ አጠብኩት፣ አልለቀቀም፣ ምክንያቱም ሽታው ላዩ ላይ ሳይሆን ሥጋው ውስጥ ነው ያለው። ስለዚህ ምክሬ፣ ስፕሩስ ግራውስ ከተሰጣችሁ መቼ እንደተገደለ ጠይቁ። መስከረም ከሆነ እንደ ረፍድ አድርጉት። በረዶ ከጣለ በኋላ ከሆነ ቆዳውንና ያለችውን ስብ ገፋችሁ ጣሉ፣ ሥጋውን ብቻ አውጡ፣ ከትፋችሁ እንደ ዱለት በሚጥሚጣና በኮረሪማ አድርጋችሁ በደንብ አብስሉት፣ ኮረሪማው ከዛ ሽታ ጋር ይስማማል እንጂ አይጣላውም። መረቅ ያለው ነገር ግን አታድርጉት፣ ከሌላ ሥጋ ጋርም አትቀላቅሉት። አንድ ስፕሩስ ድስቱን ሙሉ ይወስደዋል፣ የአክስቴ ልጅ ላይ የደረሰው እሱ ነው።

ሻርፕቴል ደግሞ የሜዳ ወፍ ነው። ጫካ አይወድም፣ ሳር ሜዳና የእህል ማሳ ዳር በመንጋ ነው የሚኖረው፣ ሲነሳ ሩቅ ነው የሚበረው፣ ዓይናችሁ እስኪያጣው። እንደ ዋኖስ አስቡት፣ መጠኑ ግን ወደ ኪሎ የሚጠጋ። ደረቱ ጥቁር ቀይ ነው።

ለመጀመሪያ ጊዜ ሲመጣልኝ ምን እንዳደረግኩ ልንገራችሁ፣ እስካሁን ያሳዝነኛል። ቆዳውን ገፍፌ ሥጋውን ሳየው እንደ ጉበት ጠቁሯል። ተበላሽቷል ብዬ ሁለቱንም ቆሻሻ ውስጥ ጣልኳቸው። ባለቤቴ ከሌሊቱ ጀምሮ በብርድ ሲንከራተት ውሎ ያመጣው ነው፣ ነፍስ ያለው ፍጥረትም ነው፣ እንዲሁ ጣልኩት። ማታ ለጎረቤታችን ለአንዲት ትልቅ ሴትዮ ስነግራት ራሷን ያዘች። እሷ እርሻ ላይ ነው ያደገችው። "ዶሮ ነው ብለሽ አትሥሪው፣ የበሬ ሥጋ ነው ብለሽ ሥሪው" አለችኝ። ከዛ በኋላ ዓመት በዓመት የምጠብቀው ሻርፕቴልን ሆነ፣ ለኛ ቅመም ከሁሉም የሚስማማው እሱ ነው። ቀይ ወጥ በሉት፣ ደረቱን ቀጨም ቀጨም አድርጋችሁ የበሬ ጥብስ እንደምትጠብሱት በጋለ ምጣድ ፈጠን አድርጉት፣ በርበሬውን ይሸከማል፣ ሽንኩርቱን ይሸከማል። ፈረንጆቹ ውስጡ ቀላ ሳለ ነው የሚያወጡት፣ ሲበዛበት ጉበት ጉበት ይላል ይላሉ፣ እውነታቸውን ነው፣ ጥብስ ላይ ዝግ ብሎ ከደረቀ ያን ጣዕም ያመጣል። እኔ ግን ወፍ ቀላ እያለ መብላት አልሆነልኝም፣ ልጆችም ስላሉ 74 ላይ አወጣዋለሁ አንድ ደቂቃ አላሳልፈውም፣ ወይ ደግሞ ጭራሽ ወጥ አድርጌ ሁለት ሰዓት ተኩል ሦስት ሰዓት በዝግታ አበስለዋለሁ። መሃል ላይ ያለው ነው መጥፎው፣ ጥብስም ያልሆነ ወጥም ያልሆነ።

ሌሎቹን ቶሎ ልለፋቸው። ተራራው ላይ ደስኪ ግራውስ የሚባል አለ፣ ትልቅ ነው፣ ሁለቴ ብቻ ነው የበላሁት፣ ሥጋው ነጣ ያለ ነው እኔ ከቀመስኩት ግራውስ በሙሉ የሚበልጥ። ታርሚጋን የሚባለው ክረምት ላይ ነጭ የሚሆነው የሰሜን ወፍ ሥጋው ጥቁር ነው፣ እንደ ሻርፕቴል ያዙት። ሴጅ ግራውስ የሚባለውን ግን ካናዳ ውስጥ ማንም አዳኝ ሊሰጣችሁ አይገባም፣ ሊጠፋ የተቃረበ ስለሆነ ማደኑ ክልክል ነው።

ቆይ ጅግራን ረሳሁ። አጎቴ መተማ ይሠራ በነበረ ጊዜ ነው ጅግራ የበላሁት፣ ይበልጥ የቆላ ወፍ ነው፣ ማሽላና ሰሊጥ ማሳ ውስጥ በመንጋ ሲለቅም ይውላል። እሱም እንደ ቆቅ ሯጭ ነው፣ ደረቱ ከዶሮ ትንሽ ጠቆር ይላል ግን ከነጮቹ ወገን ነው። ቆዳው ስስ ነው፣ ስቡ ትንሽ ነው፣ እንደ ረፍድ ቶሎ ይደርቃል። ያረጀ ጅግራ ግን ሌላ ጉድ ነው፣ እንኳን ሁለት ሰዓት ግማሽ ቀንም አይበቃው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኛ አገር የዱር እንስሳና ወፍ ያለ ፈቃድ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ሰሜን ተራሮች ፓርክ ውስጥማ ጭራሽ አይታሰብም። የአያቴ ዘመን ሌላ ነበር፣ የሳቸውን ታሪክ የነገርኳችሁ ሥጋውን እንድትረዱት ነው እንጂ ወጥመድ እንድታጠምዱ አይደለም። እዛም አገር ቢሆን ያለ ላይሰንስ እና ከወቅቱ ውጪ አይታደንም፣ በቀን ስንት ወፍ እንደሚፈቀድ በቁጥር ነው። ጓደኛ ተከትላችሁ ከመውጣታችሁ በፊት የራሳችሁን ወረቀት አውጡ፣ ቅጣቱ ቀልድ አይደለም።

አሁን ዕድሜ። እናቴ ቅዳሜ ገበያ ዶሮ ስትገዛ አይታችኋት ብትሆን፣ አውራውን ገልብጣ ይዛ ሆዱ ላይ ላባውን እፍ ብላ ቆዳውን ታያለች፣ ከዛ እግሩ ኋላ ያለችውን እሾህ በአውራ ጣቷ ትነካለች፣ ከዛ የደረት አጥንቱን ጫፍ ትጫነዋለች። ለምን እንደሆነ ጠይቄያት አላውቅም ነበር። ካናዳ ስሄድ አዳኞቹ ግራውስ ላይ ተመሳሳይ ነገር ሲያደርጉ አየሁ! የደረት አጥንቱ ጫፍ ወደ ሆዱ በኩል ያለው ሲጫኑት እጥፍ ካለ የዘንድሮ ጫጩት ነው፣ ገና አጥንት አልሆነም። ድርቅ ካለ ያረጀ ነው። ግራውስ ላይ ሌላም ምልክት አለ፣ ከክንፉ ጫፍ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ላባዎች ጫፋቸው ሾጠጥ ካለ ወጣት ነው፣ ክብ ካለ ትልቅ ነው። የኛ ትልቁ ቆቅ አውራው በየእግሩ ሁለት ሁለት እሾህ አለው፣ እሱ ረዝሞ ከሾለ አያቴ ለወጥ ብቻ ነው የሚሉት፣ ለጥብስ አይሰጡትም። ነጭም ይሁን ጥቁር ያረጀ ወፍ ጥብስ አይሆንም፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ፣ ወደ ወጥ። ወጣቱን ደግሞ ወጥ ውስጥ ሦስት ሰዓት አታሰቃዩት። ይሄ እዚህም ያለ ነው፣ የሐበሻ አውራ ዶሮና የፈረንጅ ዶሮ አንድ ላይ አንቀቅልም አይደል፣ የፈረንጁ ሟሙቶ ያልቃል የሐበሻው ገና ሙቀት አልተሰማውም።

ከዚህ ሁሉ በላይ ሥጋውን የሚያበላሸው ግን ከተገደለ በኋላ ያለው የመጀመሪያ ሰዓት ነው። አንዴ ባለቤቴ ስድስት ወፍ በትኩሱ ፌስታል ውስጥ አድርጎ መኪናው ኋላ አስቀምጦ ሦስት ሰዓት ነድቶ መጣ። ላባ ብርድ ልብስ ማለት ነው፣ ሙቀቱን አያስወጣም፣ ፌስታሉ ደግሞ ይብስበታል። ስከፍተው ሆዳቸው አካባቢ አረንጓዴ ብሏል፣ ሽታው አይጠየቅም። ስድስት ወፍ። ነጭ ሥጋ ሆነ ጥቁር ሥጋ ሆነ እዛ ላይ ልዩነት የለውም። ከዛ በኋላ የተስማማነው፣ እዛው ጫካ ሆዱ ይከፈታል፣ አንጀቱ ይወጣል፣ ሐሞቱ እንዳይፈስ ተጠንቅቆ፣ ከዛ አየር በሚያገኝበት ይንጠለጠላል ወይ በካርቶን ተዘርግቶ ይመጣል። ብዙ ሰው "የዱር ሽታ" የሚለው የወፉ አይመስለኝም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቶሎ ያልተከፈተ ሆድ ነው ወይም ጥይት አንጀቱን በስቶት ነው። አንጀቱ የተበሳ ከሆነ የነካውን ሥጋ ቆርጣችሁ ጣሉ፣ ማጠብ ብቻ አይበቃም።

ስለ ጥይት ካነሳሁ፣ የሾትጋን ጥይት ብዙ ትንንሽ እንክብል ነው። ሥጋው ላይ ትንሽ ቀዳዳ ካያችሁ በጣታችሁ ዳብሱት። ብዙ ጊዜ እንክብሉ ሲገባ ላባ ጎትቶ ይዞ ነው የሚገባው፣ ሥጋው ውስጥ የተጠቀለለች ትንሽ ላባ ካገኛችሁ መጨረሻዋ ላይ እንክብሉ አለ። በወረንጦ አውጡት። አንዳንዱ እርሳስ ነው፣ ጥርስ መስበሩ ብቻ ሳይሆን መርዝ ነው፣ ለልጅና ለነፍሰ ጡር ይበልጥ ተጠንቀቁ።

አንድ ሁለት ቀን ደግሞ ፍሪጅ ውስጥ አሳርፉት፣ ወደ 4 ዲግሪ አካባቢ፣ በፌስታል ሳትቋጥሩት ሳህን ላይ በጨርቅ ሸፍናችሁ። እኛ ጠዋት አርደን ቀትር መብላት ነው የለመድነው፣ ለወጥ ችግር የለውም ረጅም ሰዓት ስለሚበስል። ለጥብስ ግን ከታረደ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ሥጋው ይገትራል፣ በዛ ሰዓት ከጠበሳችሁት ረፍድ እንኳን ላስቲክ ይሆናል። ሲያርፍ ራሱ ይላላል።

ብዙ ሰው የሚጠይቀኝ ደግሞ የእርዱን ነገር ነው። ወፉ በጥይት ሞቶ ከወደቀ ይበላል ወይ? አያቴ ቢላዋቸው ከወገባቸው አይለይም ነበር፣ ወፉ ሳይሞት ሮጠው ደርሰው በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ ብለው ነው የሚያርዱት። ባለቤቴም እንደዛው ነው የሚያደርገው፣ ሳይደርስበት የሞተውን ለሥራ ጓደኞቹ ይሰጣቸዋል። ይሄ የኛ ቤት ነው፣ እናንተ የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ። የወቅቱ ነገርም አለ። የአደኑ ወቅት ፍልሰታ ከተፈታ በኋላ ነው የሚጀምረው፣ ኅዳር 15 ደግሞ የነቢያት ጾም ይገባል፣ ጽጌን የሚጾም ቤት ከሆነማ ጊዜው በጣም አጭር ነው። እኔ የማደርገው ዓይነቱን ለይቼ እያንዳንዱን ላስቲክ ላይ "ረፍድ፣ መስከረም፣ ወጣት" "ሻርፕቴል፣ ጥቅምት፣ ትልቅ" ብዬ ጽፌ ፍሪዘር ውስጥ ለገና ማስቀመጥ ነው። መጻፉን አትናቁ፣ ከበረደ በኋላ ሁሉም አንድ ይመስላል።

እና ምንም መረጃ ከሌላችሁስ፣ ሰው ዝም ብሎ የተነጨ ወፍ ከሰጣችሁ? ደረቱን በቢላዋ ጫር አድርጋችሁ ቀለሙን እዩ። ነጭ ወይ ሮዝ ከሆነ ቶሎ የሚወርድ ነው፣ ጥቁር ቀይ ከሆነ እንደ በሬ ነው። ከዛ አፍንጫችሁን አስጠጉት፣ ጥድ ጥድ ካለ ለብቻው አስቀምጡት። ከዛ ከደረቱ ጥግ ቁራጭ ቆርጣችሁ በጨው ብቻ ምጣድ ላይ ጠብሳችሁ ቅመሱት፣ ሙሉ ድስት ቁሌት ከማበላሸት አንድ ጉርሻ ማበላሸት ይሻላል።

የአክስቴ ልጅ ጋር ስመለስ፣ በዛ ሌሊት ያልኩት ይሄን ነው። መረቁን አትድከም፣ ጥዱ ገብቶበታል አይወጣም። ጥቁሮቹን ብልቶች ለቅመህ አውጣና በሙቅ ውሃ አለቅልቃቸው፣ ፍሪጅህ ውስጥ የተረፈ ቁሌት ካለህ በሱ በዝግታ አንድ ሰዓት ድገማቸው። ገለባ የሆነውን ፈልፍለህ በቅቤና በሚጥሚጣ እሸው፣ ከእንጀራ ጋር ፍርፍር አድርገው። እንቁላል ቀቅል። እንግዶቹ ትንሽ ዘግይተው ነበር የመጡት እግዜር ይስጣቸው። በነጋታው ሲደውል (በዚህ ጊዜ በቀን ነው የደወለው) ፍርፍሩ ተጠርጎ ተበልቷል፣ ጥቁሩን ሥጋ ደግሞ አንዱ እንግዳ የበግ መስሎት "የት ሥጋ ቤት ነው የገዛኸው?" ብሎታል። ስፕሩሷን ለብቻ አስቀምጦ አሳየኝ በቪዲዮ፣ አንገቷ አልተቆረጠም ነበርና ከረጢቷን እንዲከፍተው ነገርኩት። ከፈተው። እስከ አፉ ድረስ አረንጓዴ መርፌ ነው።